የእስስት አያያዝና እርባታ

የእስስት አያያዝና እርባታ ማለት እስስትን በተዘጋጀ ስፍራ አኑሮ መመገብ፣ ጤናውን መጠበቅና ማራባት ነው። ሥራው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብዙ ቤቶች የሚሠራ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን እስስትን የቤት እንስሳ ማድረግ የተለመደ አይደለም። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለምና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች እስስት በአጥርና በጓሮ ቁጥቋጦ ላይ የሚኖር የዱር እንስሳ ነው።

በውጭ አገር የደጋ እስስት የሚያረቡ ሰዎች በመብራት፣ በሰዓት መቆጣጠሪያና በውሃ መርጫ የሚፈጥሩት የአየር ጠባይ በምዕራብ ሸዋ ደጋ በተፈጥሮው ይገኛል፤ ይኸውም ብርቱ የቀን ፀሐይ፣ ቀዝቃዛ ሌሊትና የማለዳ ጤዛ ነው። እስስት ከዚህ ሁኔታ ተለይቶ ወደ ቤት ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ምግብ አጥቶ ሳይሆን የፀሐይ ጨረር፣ የውሃ ጠብታና የሌሊት ቅዝቃዜ አጥቶ ነው።

ምድብና ስያሜ

እስስት ከእንሽላሊት ወገን የሆነ ገበሎ አስተኔ ነው። በዓለም ላይ ከ200 በላይ የእስስት ዝርያዎች የሚታወቁ ሲሆን፣ ግማሽ የሚሆኑት በማዳጋስካር ደሴት ይገኛሉ። የቀሩት በአብዛኛው በአፍሪካ፣ ጥቂቶቹም በደቡብ አውሮፓ፣ በዓረብ ምድር፣ በሕንድና በስሪላንካ ይኖራሉ።

በአማርኛ «እስስት» የሚለው ቃል ከእንስሳው ስም በተጨማሪ ሐሳቡና አቋሙ ለሚለዋወጥ ሰው መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። አነጋገሩ የመጣው እንስሳው ቀለሙን ከመለወጡ ነው።

አካልና ጠባይ

የእስስት እግሮች ቅርንጫፍ ለመጨበጥ የተሠሩ ናቸው። በእያንዳንዱ እግር ያሉት 5 ጣቶች በ2 እና በ3 ተከፍለው እንደ ጉጠት ይይዛሉ። በዛፍ ላይ በሚኖሩት ዝርያዎች ጅራት እንደ አምስተኛ እግር ቅርንጫፍ ላይ ይጠመጠማል። ሁለቱ ዓይኖች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይዞራሉ፤ እስስቱ ነፍሳት ሲያይ ግን ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ ርቀቱን ይለካል። ከዚያም ከሰውነቱ ርዝመት ሊበልጥ የሚችለውን ምላሱን ወርውሮ ያድናል።

እስስት ቀለሙን የሚለውጠው የቆመበትን ነገር ለመምሰል ነው የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው ቢነገርም ትክክል አይደለም። የቀለም ለውጥ በዋናነት ከሙቀት፣ ከብርሃን፣ ከፍርሃት፣ ከጠብና ከመራባት ፍላጎት ጋር የተያያዘ ነው። የበረደው እስስት ፀሐይን ለመሳብ ይጠቁራል፤ ሲሞቀው ደግሞ ይነጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በማዳጋስካሩ ፓንተር እስስት ቆዳ ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን የጓኒን ክሪስታሎች እርስ በርስ ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚያንጸባርቁት ብርሃን እንደሚለወጥ አሳይቷል።

ለአርቢ ቀለም የጤና ምልክትም ነው። በቂ ሙቀት እያለ ቀኑን ሙሉ ጠቁሮ የሚውል እስስት ተጨንቋል ወይም ታሟል። በቀን ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀመጥ እስስትም እንደዚሁ ታማሚ ነው።

እስስት በብቸኝነት የሚኖር እንስሳ ነው። ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ሰውነታቸውን ነፍተው፣ አፋቸውን ከፍተው ይጣላሉ። ሰው ሲቀርበውም አፉን ከፍቶ እፍ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ሊነክስም ይችላል። ብዙ ሰው መርዘኛ ነው ብሎ ቢፈራውም እስስት መርዝ የለውም።

እስስት በኢትዮጵያና በምዕራብ ሸዋ

በሸዋ ደጋ የሚታወቀው እስስት በሳይንሳዊ ስሙ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ይባላል። ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1845 ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የተዘዋወረው ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ቀንድ የሌለው ትንሽ እስስት ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ባሉት ደጋዎች ይገኛል። በባሌ ተራሮች ደግሞ ሌሎች ዘመዶቹ ይኖራሉ። ከእነዚህም መካከል በ1995 የሐረና ደን ስም የተሰጠው ትሪዮሴሮስ ሐረኔ፣ በ1998 የተገለጸው ባለ ሁለት ቀንዱ የባሌ እስስትና በ2021 የተገለጸው ትሪዮሴሮስ ቮልፍጋንግቦህሜይ ይጠቀሳሉ (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በቆላማው የአገሪቱ ክፍል የሚገኙት በአብዛኛው ካሜሌዮ የተባለው ወገን ዝርያዎች ናቸው።

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአካባቢው ቀኑ ሞቃት ሲሆን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በከፍተኛው ደጋ ላይ ውርጭ ይወርዳል። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። እስስት በዚህ ሁኔታ ማለዳ ላይ ጠቁሮ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከቅጠል ላይ ጤዛ ይልሳል፣ ቀን ላይ ነፍሳት ያድናል፣ ሲመሽ ደግሞ ወደ ቅርንጫፍ ጫፍ ወጥቶ ይተኛል። ሌሊት ቀለሙ ስለሚነጣ በባትሪ መብራት በቀላሉ ይታያል፤ ተመራማሪዎችም እስስትን የሚቆጥሩት ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

በጊንጪ አቅራቢያ የሚገኘው የጭሊሞ ደን ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ያሉበት የደጋ ደን ነው። ይሁን እንጂ የደጋ እስስት ደን ብቻ የሚፈልግ አይደለም፤ አጥርና ቁጥቋጦ እስካሉ ድረስ በመንደርና በእርሻ ዳር ሊኖር ይችላል። በአጋም፣ በቀጋና በቅትክታ የታጠረ ግቢ መውጫ ቅርንጫፍም የሚበላ ነፍሳትም ይሰጠዋል። አጥሩ ተነቅሎ በቆርቆሮ ወይም በብሎኬት ሲተካ ሁለቱም ይጠፋሉ።

አያያዝ

በዓለም ላይ በብዛት ከሚያዙት ዝርያዎች የመጀመሪያው የየመን እስስት ነው። ይህ በራሱ ላይ ከፍ ያለ ቆብ የመሰለ አጥንት ያለው ዝርያ በየመንና በደቡብ ምዕራብ ሳውዲ ዓረቢያ የሚገኝ ሲሆን፣ ከሌሎቹ ይልቅ አያያዙ ይቀላል ይባላል። ሁለተኛው የማዳጋስካሩ ፓንተር እስስት ነው። ሦስተኛው በኬንያና በታንዛኒያ ደጋ የሚኖረው ባለ ሦስት ቀንዱ የጃክሰን እስስት ነው። ከምዕራብ ሸዋው እስስት ጋር በአንድ ወገን የሚመደበውና በኑሮው የሚቀርበው ይህ ሦስተኛው ነው።

ቤት፦ እስስት የሚያዘው አየር በሚያሳልፍ፣ በወንፊት ሽቦ በተሠራ ኬጅ ውስጥ ነው። ወደ ላይ መውጣት ስለሚወድ ከኬጁ ስፋት ይልቅ ቁመቱ ይበልጣል። ላደገ የየመን ወይም የፓንተር እስስት የተለመደው መጠን 60 በ60 በ120 ሴንቲሜትር ነው። በውስጡ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ቅርንጫፎችና ሕይወት ያላቸው ዕፅዋት ይቀመጣሉ። በአንድ ኬጅ አንድ እስስት ብቻ ይኖራል፤ ሁለቱ ባይጣሉም እንኳ መተያየታቸው ብቻ ያስጨንቃቸዋል። በዚሁ ምክንያት መስታወት ፊት ለፊት አይደረግም።

ሙቀት፦ ኬጁ በአንድ በኩል ሞቃት፣ በሌላው በኩል ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት፤ እስስቱ ራሱ የሚስማማውን ይመርጣል። ለየመን እስስት ፀሐይ መሞቂያው ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደረጋል። ለጃክሰን እስስት ግን አጠቃላይ የቀኑ ሙቀት ከ21 እስከ 26 ዲግሪ ሆኖ፣ ሌሊት ወደ 15 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። የደጋ ዝርያ ሌሊት ካልቀዘቀዘለት ዕረፍት አያገኝም፤ ሰውነቱ ይደክማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የደጋ እስስትን ዘወትር በሚሞቅ ክፍል ማኖር ጀማሪዎች በብዛት የሚሠሩት ስህተት ነው።

ብርሃን፦ እስስት ከምግብ የሚያገኘውን ካልሲየም ለአጥንቱ የሚጠቀምበት በቫይታሚን ዲ አማካይነት ነው። ይህን ቫይታሚን ቆዳው የሚሠራው ከ290 እስከ 320 ናኖሜትር ባለው የአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ስለሚያስቀር፣ በመስኮት አጠገብ ፀሐይ እየሞቀ የሚውል እስስት ብርሃኑን ቢያይም ጥቅሙን አያገኝም። በዚህ ምክንያት አርቢዎች ልዩ መብራት በቀን ለ12 ሰዓት ያህል ያበራሉ። መብራቱ መብራቱን ቢቀጥልም ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይለወጣል። የአየሩ ሁኔታ ሲፈቅድ ኬጁን ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ማውጣት ከመብራት ይበልጣል፤ ነገር ግን መሸሻ ጥላ ሊኖር ይገባል።

ውሃ፦ አብዛኞቹ እስስቶች በሳህን የቀረበን የረጋ ውሃ አይለዩትም። የሚጠጡት በቅጠል ላይ የሚያብረቀርቅ ጠብታ ሲያዩ ነው። ስለዚህ ኬጁ ጠዋትና ማታ በመርጫ ይረጫል፤ ወይም ከላይ በተሰቀለ ዕቃ ውሃ በቀጭን ቱቦ በቅጠሉ ላይ እንዲንጠባጠብ ይደረጋል። ከርጭት በኋላ ቅጠሉ መድረቅ አለበት፤ ዘወትር የሚረጥብ ኬጅ ሻጋታና የሳንባ በሽታ ያመጣል።

ምግብ፦ እስስት በዋናነት ፌንጣ፣ አንበጣ፣ በረሮ፣ ዝንብ፣ የእሳት እራት፣ ትልና ሸረሪት ይመገባል። የየመን እስስት ቅጠልና ፍራፍሬም ይቀምሳል። ግልገሎች በየቀኑ፣ ያደጉት ደግሞ ከሁለት ቀን አንዴ ገደማ ይመገባሉ። ለምግብ የሚሰጠው ነፍሳት በሁለት ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት ባይበልጥ ይመከራል። ነፍሳቱ ራሳቸው አስቀድመው አትክልትና ቅጠል ይበላሉ፤ ከመሰጠታቸው በፊትም የካልሲየም ዱቄት ይነሰነስባቸዋል። ከእርሻ ላይ የሚለቀሙ ነፍሳት አደጋ አላቸው። የፀረ ተባይ መድኃኒት ከተረጨበት የጤፍ፣ የስንዴ ወይም የአትክልት ማሳ የመጣ ፌንጣ የበላውን እስስት ሊመርዝ ይችላል።

መነካት፦ እስስት ሰው ሲይዘው አይደሰትም፤ ቢበዛ ይለምዳል። ከላይ በድንገት መያዝ የአሞራ ጥቃት ስለሚመስለው ያስደነግጠዋል። መነሣት ካለበት እጅ ከፊት ለፊቱ ዝቅ ብሎ ይቀርብለትና በራሱ ይወጣበታል። ገበሎ አስተኔዎች የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ሊይዙ ስለሚችሉ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

እርባታ

እስስቶች በአወላለዳቸው በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዳንዶቹ እንቁላል ይጥላሉ፣ ሌሎቹ ግልገል ይወልዳሉ።

እንቁላል ጣዮች፦ የየመንና የፓንተር እስስቶች ከዚህ ወገን ናቸው። ሴቷ በየመን እስስት ከ4 እስከ 6 ወር ዕድሜ ልትደርስ ትችላለች፤ አርቢዎች ግን ሰውነቷ እስኪጠነክር 1 ዓመት ያህል እንዲጠበቅ ይመክራሉ። ለማራባት ሴቷ ወደ ወንዱ ኬጅ ትገባለች። ከተቀበለችው ረጋ ብላ ትሄዳለች፤ ካልተቀበለችው ትጠቁራለች፣ አፏን ከፍታም ትወዛወዛለች፤ ያን ጊዜ ወዲያው መለየት አለባቸው። ያረገዘች የየመን እስስት በጠቆረ ሰውነቷ ላይ ቢጫና ሰማያዊ ነጠብጣብ ታወጣለች፤ ይህም ሌላ ወንድ እንዳይቀርባት ምልክት ነው።

ከተጠቃች ከ20 እስከ 30 ቀን ገደማ በኋላ ሴቷ ወደ መሬት ወርዳ መቆፈሪያ ትፈልጋለች። ለዚህም ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው፣ በረጠበ አሸዋና አፈር የተሞላ ባልዲ ይዘጋጅላታል። ቦታ ካላገኘች ወይም ሰው እያየ ከረበሻት እንቁላሉን በሆዷ ይዛ ልትሞት ትችላለች። ያላገባች ሴትም መካን እንቁላል ስለምትጥል ባልዲው ለእሷም ያስፈልጋታል። የየመን እስስት በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 70፣ ፓንተር እስስት ደግሞ ከ10 እስከ 40 እንቁላል ይጥላሉ። ሴቷ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ስለምታቆይ ዳግመኛ ሳትጠቃ ሌላ ዙር ልትጥል ትችላለች።

እንቁላሎቹ ሳይገላበጡ ተነሥተው በረጠበ ቨርሚኩላይት ላይ በተዘጋ ዕቃ ይቀመጣሉ። የየመን እስስት እንቁላል በ25 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ከ6 እስከ 9 ወር ይቆያል፤ የፓንተር እስስት እስከ 1 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። እናት እስስት እንቁላሏን ከቀበረች በኋላ አትጠብቅም።

ወላዶች፦ የጃክሰን እስስትና ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ያለበት የምሥራቅ አፍሪካ የደጋ ወገን እንቁላል በመሬት አይቀብሩም። በቀዝቃዛ አገር የተቀበረ እንቁላል በቂ ሙቀት ስለማያገኝ፣ እናት ፅንሱን በሆዷ ይዛ ራሷ ፀሐይ እየሞቀች ታሳድገዋለች። የጃክሰን እስስት እርግዝና 6 ወር ያህል ይወስዳል። ግልገሎቹ በሚጣበቅ ስስ ከረጢት ተጠቅልለው በቅርንጫፍ ላይ ይወለዳሉ፤ ከረጢቱን ቀድደው ወዲያው መውጣትና ማደን ይጀምራሉ። በአንድ ወሊድ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 30 ግልገሎች ይገኛሉ።

ከዚህ የተነሣ በደጋ አገር ከአጥር ላይ የተወሰደች አንዲት ሴት እስስት ብቻዋን ላትሆን ትችላለች። እርጉዝ ከሆነች ፀሐይ በማጣቷ የሚጎዳው ፅንሱም ጭምር ነው።

ግልገሎች የፍራፍሬ ዝንብና ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳት ይመገባሉ። በጥቂቱ ተከፋፍለው ይቀመጣሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም እያንዳንዳቸው ይለያያሉ። በየመን እስስት ወንዱ ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ በኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ባለው ጉብታ ይለያል።

የተለመዱ በሽታዎች

የአጥንት መለስለስ፦ ካልሲየም ወይም የአልትራቫዮሌት ጨረር ሲጎድል የሚመጣ ነው። እግር ይጎብጣል፣ መንጋጋ ይለሰልሳል፣ ምላስ መወርወር ያቅታል።

የውሃ እጥረት፦ ዓይን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ነጭ መሆን የሚገባው የኩስ ክፍልም ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይሆናል።

ጥገኛ ትላትል፦ ከዱር የተያዙ እስስቶች ብዙዎቹ ትላትል አለባቸው። በዱር ሳሉ ችለው ቢኖሩም በምርኮ ሲጨነቁ ትላትሉ ይበረታባቸዋል።

የሳንባ በሽታ፦ እስስቱ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ አንጋጦ ይተነፍሳል፤ አፉም ይዝረበረባል።

እስስት ሕመሙን የሚደብቅ እንስሳ ስለሆነ ምልክቱ በሚታይበት ጊዜ በሽታው ብዙውን ጊዜ ጸንቷል። በኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና በዋናነት ለከብት፣ ለበግ፣ ለፍየል፣ ለጋማ ከብትና ለዶሮ የቆመ በመሆኑ ለገበሎ አስተኔዎች የሚሆን ሕክምና በየከተማው አይገኝም።

ንግድና ሕግ

የቤት እንስሳ ንግድ ለብዙ ዓመታት የቆመው ከዱር በሚያዙ እስስቶች ላይ ነበር። ብዙዎቹ በጉዞ ላይ ወይም ከደረሱ በኋላ በጭንቀት፣ በውሃ ጥምና በትላትል ይሞቱ ነበር። አሁን የየመንና የፓንተር እስስቶች በብዛት የሚገኙት ከእርባታ ነው።

እስስቶች በመጥፋት ላይ በሚገኙ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ በተደረገው ስምምነት (ሳይተስ) የተካተቱ ናቸው። አብዛኞቹ ያሉት በሁለተኛው ሠንጠረዥ በመሆኑ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወሩት በፈቃድ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የስምምነቱ አባል ሆናለች። በአገር ውስጥ ደግሞ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን በሕግ የሚያስጠይቅ አድርጎታል። ጉዳዩን በፌዴራል ደረጃ የሚከታተለው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በኢትዮጵያ የታወቀው የገበሎ አስተኔ እርባታ ለቆዳ ምርት የሚካሄደው የአርባ ምንጭ አዞ እርባታ ነው።

ከቤት አምልጠው ወይም ተለቅቀው የተራቡ እስስቶች በሌላ አገር ችግር ፈጥረዋል። የጃክሰን እስስት እ.ኤ.አ. በ1972 ለንግድ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ከገባ በኋላ ተለቅቆ ተራብቷል፤ የአገሩን ነፍሳትና ቀንድ አውጣዎችም ይበላል። የየመን እስስትም በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት በዱር ተራብቶ ይገኛል። ስለዚህ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ አካባቢ የመጣን እስስት መልቀቅ አይመከርም። ከጓሮ የተያዘ የአገር እስስት ግን የሚመለሰው ወደተገኘበት ቁጥቋጦ ነው፤ ጊዜውም ሌሊቱ ከመቀዝቀዙ በፊት መሞቅና መደበቂያ መፈለግ እንዲችል ማለዳ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።